ቅጥር የለም፤ ሥራ ግን አለ

አራት ኪሎ ጋዜጣ እየተከራየ የሚነበብበት ጥግ እሑድ እሑድ ይጨናነቃል። አንድ እሑድ ረፋድ ወረፋዬን ስጠብቅ፣ ዙሪያዬ ያሉት ወጣቶች ሁሉ ያቀረቀሩት ክፍት የሥራ ቦታ ገጾች ላይ ነበር። ከፊሉ ስልክ ቁጥር መዳፉ ላይ ይጽፋል፣ ከፊሉ በሞባይሉ ፎቶ ያነሳል። አጠገቤ የነበረች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ግን ማንም ያልፈለገውን ገጽ ጠይቃ ወሰደች። «እህቴ፣ እሱ የጨረታው ነው እኮ» አላት አከራዩ፣ የተሳሳተች መስሎት። «አውቃለሁ፤ የእኔ እንጀራ ያለው እዚያ ነው» አለችው።

ነገሩ ከነከነኝና ጠየቅኋት። ተርጓሚና አርታኢ ናት፤ ከደሞዝ ከተላቀቀች ዓመታት ተቆጥረዋል። «ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት ሰው ነው የሚፈልገው። ጨረታ የሚያወጣው ግን ሥራው እንዲያልቅለት ነው። እኔ የምሸጠው ያለቀ ሥራ ነው እንጂ ራሴን አይደለም» አለችኝ። ደንበኞቿ እንዳይቀየሟት ስሟ እንዳይጻፍ ጠይቃለች።

ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ግራፊክ ዲዛይነር፣ መረጃ ሰብሳቢ ባገኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ እሰማለሁ፤ በግሉ ለሚሠራ ሰው ሥራ የሚሰጠው የትኛው ድርጅት ነው? ብዙዎቹ መልሱን የሚፈልጉት ከሰው ሀብት ክፍል ነው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን አባዝተው በየቢሮው ያስገባሉ። ሥራውን ያገኙት ግን የግዢ ክፍሉን በር ያንኳኩት ናቸው። ልዩነቱ የበር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው በር የሚገባው ሠራተኛ ሆኖ ነው፤ በሁለተኛው የሚገባው ነጋዴ ሆኖ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ልዩነት ነው።

በግል ተዋውሎ መሥራት አዲስ የሚመስለው ስሙ አዲስ ስለሆነ ነው። «ፍሪላንሰር» የሚለው ቃል ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቁም ጸሐፊው ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ዳዊት ወይም ድርሳን የሚጽፈው ለአስጻፊ ነው። አስጻፊው መኮንን፣ ባለጸጋ ወይም ደብር ሊሆን ይችላል፤ ስሙም በየጸሎቱ መካከል ይገባል። መጽሐፉ ተሽጦ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተተካባቸው ብራናዎች ዛሬም አሉ። ደንበኛው ሲቀየር ስሙ ይቀየራል፤ የጸሐፊው ድካም ግን ያው ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ በየፍርድ ቤቱ ደጅ ራፖር ጸሐፊዎች ተቀመጡ፤ ቀድሞ በእጅና በታይፕ፣ አሁን በኮምፒውተር ማመልከቻ ይጽፋሉ። ቀጣሪም ደሞዝም የላቸውም። ደንበኛ የት እንደሚገኝ ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሰው ቸኩሎ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ራሱ ሊሠራው የማይችለው ወረቀት ይዞ ከሚመጣበት በር አጠገብ ነው የሚቀመጡት።

ሕጉም ቢሆን በግሉ የሚሠራን ሰው ያውቀዋል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2610 አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስረከብ፣ ሌላው ዋጋውን ለመክፈል ስለሚገቡት ውል ይደነግጋል። ከቁጥር 2632 ጀምሮ ደግሞ በዕውቀት ለሚሠራ ሥራ ለብቻው ቦታ ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ዋጋ እየተከፈለው በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎታል። የእኔ ጨረታ አንባቢ ይህን አንቀጽ በቃሏ ነው የምታውቀው። «አዋጁ "አንቺን አላውቅሽም" ይለኛል። ገቢዎች ደግሞ "በደንብ አውቅሻለሁ" ይለኛል» ትላለች።

ገቢዎች የሚያውቃት በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯ (በቲን) ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ፣ ለአገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ የሚከፍል ድርጅት 2 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር፣ ተከፋዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ግን 30 በመቶ እንዲያስቀር አዝዞ ነበር። ማሻሻያዎች ቢከተሉትም የግዢ ክፍሎችን ጠባይ የቀረጸው ይህ ድንጋጌ ነው። ለዚህ ነው አንድ ትልቅ ድርጅት የሥራ ናሙና ከማየቱ በፊት ንግድ ፈቃድ፣ ቲን እና ደረሰኝ የሚጠይቀው። ደረሰኝ የሌለው ባለሙያ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር የሒሳብ ሹሙን ከኦዲተር ጋር ያጣላዋል። ስለዚህ አንድ ድርጅት ለግል ባለሙያ ሥራ ይሰጥ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ የሚታየው ደግነቱ አይደለም፤ ወረቀት የለመደ የግዢ ክፍል ያለው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሥራው በማዕበል የሚመጣ መሆኑ ነው። ባንኮችን እንመልከት። የበጀት ዓመታቸው በሰኔ መጨረሻ ያበቃል፤ ከዚያ እስከ ባለአክሲዮኖች ጉባኤ ድረስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ዓመታዊ ሪፖርት መታተም አለበት። ጉባኤዎቹ የሚበዙት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ለሁለት ወር ሥራ ተርጓሚ፣ ፎቶ አንሺ እና የገጽ ንድፍ ባለሙያ በቋሚነት የሚቀጥር ባንክ ጥቂት ነው፤ በውል ያሠራል። ተርጓሚዋ ነሐሴ ላይ በየባንኩ እየዞረች ማን ሪፖርቱን በውጭ ሰው እንደሚያሠራ የምታጣራው ለዚህ ነው። «ጥቅምት ላይ የሄድሽ እንደሆነ ማተሚያ ቤት ገብቷል ይሉሻል። ነሐሴ ላይ ግን ገና ሒሳቡ እንኳ አልተዘጋም፤ ስልክሽን ይመዘግባሉ።» የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማዕበል ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ በጀቱ ሳይመለስ ሥራ ላይ መዋል ስላለበት ሥልጠናው፣ ኅትመቱና ዘጋቢ ፊልሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቸኩላል።

ሦስተኛው ምልክት ገንዘቡ ከውጭ፣ ቀኑም ከገንዘቡ ጋር ተቆርጦ የሚመጣ መሆኑ ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና የአገር ውስጥ ሲቪል ማኅበራት ጥናትና ግምገማ የሚያሠሩት ቲኦአር (የሥራውን ዝርዝር መግለጫ) አውጥተው ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ገድቦ ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አውርዶታል። በቋሚ ደሞዝ ላይ ቆጣቢ የሆነ ድርጅት ለፕሮጀክት ሥራ ኮንሰልታንት ቢመርጥ አያስገርምም።

አራተኛውን ምልክት የነገረኝ አንድ የሒሳብ አማካሪ ነው፤ አዲስ ሕግ ሲወጣ ሥራ ይወጣል። ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት እንዲያቀርቡ ሲያስገድድ፣ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ከቀዳሚዎቹ ነበሩ። በየቤቱ የነበሩት የሒሳብ ሠራተኞች አዲሱን አሠራር ስላልለመዱት ሽግግሩን በውል የሚሠሩ ባለሙያዎች ተፈለጉ። አማካሪው ነጋሪት ጋዜጣ የሚያነበው ሌላው የሥራ ማስታወቂያ በሚያነብበት ስሜት ነው።

አምስተኛው ምልክት ድርጅቱ ራሱ በትእዛዝ የሚኖር መሆኑ ነው፤ የማስታወቂያ ድርጅቶች፣ የፊልም አዘጋጆች፣ የጥናትና ምህንድስና አማካሪዎች። ትእዛዝ ሲመጣ ሰው ይሰበስባሉ፣ ሲያልቅ ይበትናሉ። ለጀማሪ በራቸው ከሁሉም ይሰፋል፤ ንግድ ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚያሠሩም አሉ። ክፍያቸው ግን ከሁሉም ይዘገያል፤ እነሱ ካልተከፈላቸው አይከፍሉምና።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ፕሮፎርማ የሚባል ደጃፍ አለ። ለአነስተኛ ግዢ ብዙ ድርጅቶች የሦስት ተወዳዳሪ ዋጋ ይጠይቃሉ። የወደዱት ባለሙያ ሲኖርም ሁለት ሌላ ወረቀት ከማኅደሩ ጋር መያያዝ አለበት። «ወደውኛል፣ ሥራዬን አይተዋል። ግን "ሁለት ፕሮፎርማ ጨምረሽ አምጪ" ይሉኛል። ከማን ላምጣ? ከጓደኞቼ ነዋ! ከእኔ ዋጋ ከፍ አድርገው ይሰጡኛል፤ ነገ እነሱ ሲጠየቁ እኔ እሰጣለሁ» ትላለች ተርጓሚዋ። ሕጉ ይህን መመሳጠር ይለዋል፤ እሷ ግን የምታየው እንደ ዕቁብ ነው። ነገሩን ላጸድቀው አልችልም። ይሁንና ወረቀቱ የታዘዘው ከግዢ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በባለሙያዋ ላይ ብቻ መጣል አይዋጥልኝም።

ስልክ ያለው ትውልድ መንገዱን ለማሳጠር ሞክሯል። በቴሌግራም ፍሪላንስ ኢትዮጵያ ተብሎ የተጀመረውና በኋላ አፍሪወርክ የተባለው መድረክ ሥራ ሰጪና ሠሪን ያለ ደላላ ያገናኛል። ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩም አሉ፤ ችግራቸው ሥራ ከማግኘት ይልቅ ዋጋውን መቀበል ላይ ነው። ፔይፓል ለዓመታት ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አላገለገለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የሚከፈለው ሰው በብር ሲመነዝር የሚያገኘው ጨምሯል። ዶላሩ አገር የሚገባበት በር ግን በዚያው ልክ አልሰፋም።

አንድ ሥራ ሰጪ ብዙ ሰው በውል ያሠራል ማለት ግን ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ያነጋገርኩት አንድ ወጣት በአንድ ድርጅት ጠዋት 2 ሰዓት ፈርሞ ይገባል፣ 11 ሰዓት ፈርሞ ይወጣል፣ ለፈቃድ አለቃውን ያስፈቅዳል። ውሉ ግን «የአገልግሎት ግዢ» ይላል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ንግድ ፈቃድ ያወጣው ድርጅቱ ስላዘዘው ነው። አዋጅ 1156/2011 በአሠሪ መሪነት ሥር በደሞዝ የሚሠራን ሰው ሠራተኛ ይለዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውን ምክንያቶችም ዘርዝሯል፣ ከዚያ ውጭ ያለው ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ታዲያ ይህ ወጣት ምንድን ነው? ጥያቄውን ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ አቀረብኩ። ኃላፊው ሻይ አዘዙልኝ፣ ጥያቄው በጣም ጥሩ መሆኑን ነገሩኝ፣ በደብዳቤ እንዳስገባውም አሳሰቡኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ የለም። በስልክ ስጠይቃቸው «እየታየ ነው» አሉኝ።

እስኪታይ ድረስ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለሙያው ነው። የ16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጣበት ጡረታ፤ አንዱም አይመለከተውም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለጊዜው እንዲቆም ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት የዩኤስኤይድ ትልቋ ተረጂ ነበረች። በዚሁ ዕርዳታ ይንቀሳቀሱ በነበሩ ድርጅቶች ውስጥ ቋሚ ሠራተኛው ቢያንስ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ኮንሰልታንቱ ግን «ለጊዜው ያዝ አድርገው» የሚል ኢሜይል ነው የደረሰው፤ የሥራ ስንብት ክፍያም አይመለከተውም።

ተርጓሚዋ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ደንበኛ ግማሽ ገቢዋን ላለማግኘት ወስናለች። አዲስ ድርጅት ስታገኝም የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ውሉን የሚፈርመው ማን ነው፣ ደረሰኝ ካስገባሁ በስንት ቀን ይከፈለኛል፣ ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የሠራው ማን ነበር። ሦስተኛውን ሲመልሱላት ሰውየው ጋ ደውላ መቼ እንደተከፈለው ትጠይቃለች። ድርጅቶች ስለ ባለሙያ ልምድ ማጣራታቸው የተለመደ ነው፤ ባለሙያዎችም ስለ ድርጅቶች ማጣራት መልመድ አለባቸው። ማን ሠራተኛ፣ ማን ነጋዴ እንደሆነ ለይቶ መናገር ግን የባለሙያዋ ድርሻ አይደለም፤ ደብዳቤዬን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።