«በነጻ» የመጣው ስልክ

አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ልትጠይቀኝ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ደውላ «እማ፣ ምን ላምጣልሽ?» ስትለኝ፣ ቡና ላይ ጎረቤቶቼ ሲያወሩ የሰማሁትን ይዤ «እዚያ በነጻ ይሰጣል ከሚባለው ስልክ አንዱን አምጪልኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ» አለች።

ስልኩ መጣ። የእኔን ሲም ካርድ ስናስገባበት ግን አልሠራም፤ ሎክ ነው። እሷ ከተመለሰች ሁለት ወር ቆይቶ ተከፈተ። እንዴት እንደተከፈተ የነገረኝ ወንድሟ ነው። ለካስ የቀረውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ከፍላ ኖሯል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ «ሳትጠይቁ መድኃኒት አትውሰዱ» ስል ኖሬ፣ እኔው ሳልጠይቅ አዘዝኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ጠይቄ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 አይፎን 3ጂ አሜሪካ ውስጥ በ199 ዶላር ሲሸጥ፣ ገዢው የሁለት ዓመት ውል መግባት ነበረበት። የጎደለውን ዋጋ የስልክ አገልግሎት ኩባንያው ከየወሩ ሂሳብ ያገኘዋል። ዛሬ ደግሞ እስከ 36 ወር የሚደርስ ውል አለ። ለምሳሌ 720 ዶላር የሚያወጣ ስልክ «በነጻ» ተሰጠ እንበል። ኩባንያው በየወሩ 20 ዶላር ያስከፍልና ያንኑ 20 ዶላር ከሂሳቡ ላይ ይቀንሳል። ደንበኛው በ12ኛው ወር ውሉን ቢያቋርጥ ቅናሹ ይቆማል፤ የቀረውን 480 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል። ዕዳው እስኪያልቅም ስልኩን በሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይሠራ አድርገው የሚቆልፉ ብዙ ናቸው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ገንዘቡን ተቀበለ እንጂ በነጻ አላገኘም። ዋስ የሚጠራውም እስከ መጨረሻው እንዲጥል ነው። በውል የሚሰጥ ስልክም እንደዚያው ነው፤ ዋሱ ውሉና ቁልፉ ናቸው።

ታዲያ ያለ ውል የሚሸጥ ስልክ ለምን ቅናሽ የለውም? ሻጩ ከእርስዎ የሚያገኘው ያንኑ ቀን የከፈሉትን ብቻ ስለሆነ ነው። በየወሩ የሚመለስለት ነገር የለም። በአዲስ ስልክ ላይ ያለው ትርፍም ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ አምራቾቹም ዋጋቸው እንዲወርድ አይፈልጉም። በዚያ ላይ ያልተቆለፈ ስልክ በማንኛውም ሲም ስለሚሠራ ፈላጊው ብዙ ነው። እኛ አገር ስልኩን ከሱቅ፣ ሲሙን ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ለየብቻ ስንገዛ የኖርን ሰዎች፣ «ዋጋው አይቀነስም» ሲለን የምንቀየመው ነጋዴ የሚነግረን የስልኩን ሙሉ ዋጋ ነው። የአሜሪካው ማስታወቂያ የሚያሳየው ግን የመጀመሪያውን ቀን ክፍያ ብቻ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ ውጭ ያለ ልጃችሁን ስልክ ስትጠይቁ እነዚህን አስቡ፦

ስልኩ ያልተቆለፈና ዕዳ የሌለበት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመት ሞዴል ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ለመደወልና የልጅ ልጅን ፊት ለማየት እሱ ከበቂ በላይ ነው።

ከዚሁ አገር ከውጭ የመጣ ስልክ ስትገዙ፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉበት። ዋይፋይ መሥራቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ግን ልጃችሁ በስልክ ላይ ዝም ሲል «ይከብድሃል ወይ?» በሉት። እኔ ያን ዕለት የልጄን ዝምታ ሰምቼ አልፌዋለሁ።

ለገና በርበሬና ሽሮ ላኩላት። የስልኩን ዕዳ ግን እስከ ዛሬ አላነሳችብኝም።