ተወግቻለሁ ወይስ አልተወጋሁም?

ማታ 3 ሰዓት ነው። እራት ቀርቧል፤ ልጆች ይንጫጫሉ፤ እንግዳም ገና መግባቱ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት ሚስት የኢንሱሊን ፔኗን አንስታ ክዳኑን ከከፈተች በኋላ ድንገት ቆም ትላለች። «ቅድም ተወግቻለሁ ወይስ አልተወጋሁም?» ባልየውን ብትጠይቀው እሱም አላስተዋለም። ፔኑን ብታገላብጠው ውስጡ የቀረውን ኢንሱሊን እንጂ ዛሬ የወሰደችውን አይነግራትም።

ውድ አንባቢያን፣ ስኳር ካለባቸው ደንበኞቻችን ይህን ጥያቄ ደጋግመን እንሰማዋለን። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ተወግታ ሳለ ብትደግመው ስኳሯ ከመጠን በታች ወርዶ ያልባታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ሲብስም ራሷን ልትስት ትችላለች። ሳትወጋ ብትተወው ደግሞ ስኳሯ ይወጣል።

ልጅ ለመውለድ ላሰቡ ባልና ሚስት ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። የፅንሱ ልብ፣ አንጎልና ሌሎች ዋና ዋና አካላት መልክ የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን በውል ሳያውቁ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የእናትየው ስኳር ከፍ ብሎ ከቆየ ፅንሱ የአካል ጉድለት ሊገጥመው፣ እርግዝናውም ሊጨናገፍ የሚችልበት ዕድል ይጨምራል። ስለሆነም ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ፣ ሳይጎዳት ሊደረስበት የሚቻል ከሆነ፣ ከ6.5 በመቶ በታች እስኪሆን ድረስ የወሊድ መቆጣጠሪያዋን ባታቋርጥ እንመክራለን። ፎሊክ አሲድም ሐኪሙ በሚያዘው መጠን ከእርግዝናው በፊት ይጀመራል።

ካረገዘች በኋላም የኢንሱሊኗ መጠን በአንድ ቦታ አይቆምም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ማብቂያ አካባቢ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ይጨምርና ወደ መጨረሻው እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የእንግዴ ልጁ እንደወጣ ደግሞ ወዲያው ያሽቆለቁላል። መጠኑን የምናስተካክለው ባለፈው ሳምንት ስንት ዩኒት በስንት ሰዓት እንደተወጋች ስናውቅ ነው። «እንደታዘዝኩት ነው የወሰድኩት» የሚለው መልስ ብዙም አይረዳንም። ሴትየዋ ዋሽታ ሳይሆን ማንም ሰው የሳምንት መርፌ በቃሉ ስለማይዝ ነው።

በሌላው ዓለም መሐንዲሶች በፔኑ ላይ የሚገጠም ተቀጥላ መሣሪያ ለመሥራት የተነሱት ለዚህ ችግር ነው። የመጀመሪያውን የኢንሱሊን ፔን የዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በ1985 እ.ኤ.አ. ነበር። በተለመደው ፔን ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ወይም 300 ዩኒት ኢንሱሊን አለ። ጫፉ ሲጠመዘዝ ቀጭ እያለ ዩኒቱን ይቆጥራል፤ ቁጥሩም በትንሿ መስኮት ይታያል። ሲጫኑት ግን ቁጥሩ ወደ 0 ይመለስና ታሪኩ በዚያው ይጠፋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን መጠንና ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ሰዓት ራሱ የሚያስታውስ ፔን ወጥቷል፤ ሌላ ፔን የያዘ ሰው ግን ያለውን ጥሎ አዲስ መግዛት ሊኖርበት ነው። ተቀጥላው የታሰበው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ቀላሉ ዓይነት ሰዓት ያለው ክዳን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሲዘጋ ከዜሮ መቁጠር ይጀምራል፤ ስለዚህ «ከተከፈተ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኗል» ይላል እንጂ ስንት ዩኒት እንደወጣ አያውቅም። ሁለተኛው ዓይነት በፔኑ ጫፍ ላይ ይታሰርና መዞሩን ቆጥሮ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዩኒቱን ወደ ስልክ ይልካል። ለምሳሌ የፈረንሳዩ ባዮኮርፕ ኩባንያ የሠራው ማሊያ የተባለው መሣሪያ ከዚህ ወገን ነው። ኩባንያውን በ2023 እ.ኤ.አ. ኖቮ ኖርዲስክ ገዝቶታል። ሦስተኛው ዓይነት በፔኑ ውስጥ ኢንሱሊኑን የሚገፋው ጎማ የት እንደደረሰ በብርሃን የሚለካ ክዳን ነው። ይህኛው እጅግ ጥንቁቅ መሆን አለበት፤ አንድ ዩኒት ሲወጣ ጎማው የሚሄደው ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነውና።

ችግሩ በመቁጠሩ ብቻ አያበቃም። ከመወጋት በፊት አየሩን ለማስወጣትና መርፌው መሥራቱን ለማየት 2 ዩኒት ወደ ውጭ እንድትረጩ አስተምረናችኋል። መሣሪያው ይህን ከመጠኑ ጋር ቢደምረው፣ በቀን 3 ጊዜ ለምትወጋ ሴት 6 ዩኒት ያልወሰደችውን ጨምሮ ይጽፍባታል ማለት ነው። ያንን መዝገብ አምኖ መጠን የሚያስተካክል ሐኪም ይሳሳታል። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ለሙከራ የሚረጨውን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ለምግብ ሰዓትና ለሙሉ ቀን የሚሆኑ ሁለት ፔኖች ባሉበት ቤትም ክዳኖቹ ከተለዋወጡ መዝገቡ ይደበላለቃል። በቀለም ለዩዋቸው። መሣሪያው የቁጥሯን መስኮት መሸፈን፣ ጫፉንም ለመጫን ማክበድ የለበትም፤ ባትሪው ቢያልቅም ፔኑ ብቻውን መሥራት አለበት። ክብ ትንሽ ባትሪ ያለው ከሆነ ከሕፃናት አርቁ፤ ቢዋጥ ጉሮሮን ያቆስላል።

አንድ የኛ አገር ጣጣም አለ። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ሰዓትን የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን 21:10 ሲል ማታ 3 ሰዓት ከ10 ማለቱ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው የማታውን መርፌ የሌላ ጊዜ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ለእኛ ሰው «ካለፈው መርፌ ይህን ያህል ሰዓት» የሚለው አቆጣጠር ሳይሻል አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያው የሚያውቀው ፔኑ ምን እንዳወጣ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ምን እንደገባ አያውቅም። መርፌው ቶሎ ተነቅሎ ኢንሱሊኑ በቆዳ ላይ ቢፈስ፣ በሙቀት የተበላሸ ቢሆን ወይም ደጋግመው የወጉት ቦታ ጠጥሮ ቢሆን፣ መዝገቡ ያው «ተወግታለች» ይላል። ስለዚህ ተጭናችሁ እስከ 10 መቁጠሩንና ቦታ መለዋወጡን አትተዉ። የስኳር መለኪያውንም የሚተካው የለም።

ስልኩ ላይ የሚገባው መዝገብ የማን ነው የሚለው ጥያቄም በባልና ሚስት መካከል አስቀድሞ ቢነጋገሩበት ይበጃል። ባል ሊረዳት ማየቱ መልካም ነው። «ለምን ዘገየሽ?» እያለ የሚቆጣጠርበት ከሆነ ግን ሚስት ፔኑን ወደ አየር ረጭታ መዝገቡን ማስዋብ ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ መሣሪያውም እኛም ተታለልን። በጾም ምክንያት የተዘለለ መርፌም ካለ እንዳለ ይታይ። እኛ ለመቆጣት አንፈልገውም።

ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት ከጠርሙስ በሲሪንጅ ስለሆነ ተቀጥላው አይሆናችሁም። ፔን ያላችሁም፣ ዘመድ ከውጭ ሊልክላችሁ ካሰበ፣ አስቀድማችሁ የፔኑን ስም ላኩለት፤ ተቀጥላው ለተወሰነ ፔን ብቻ ስለሚሠራ ለሌላው አይገጥምም። እስከዚያው አንድ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የኢንሱሊኑ ዓይነት፣ ዩኒት፣ የስኳር ልክ። የሚጻፈው መርፌው እንደወጣ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ ነው። «በኋላ እጽፈዋለሁ» ያለች ሴት ስትጽፍ አይቼ አላውቅም፤ ደብተሩ ከኢንሱሊኑ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

ጥርጣሬው ከመጣ ግን በግምት አትድገሙ። ስኳሩን ለኩ፤ በየጥቂት ሰዓቱም ደግማችሁ ለኩና ለሐኪማችሁ ወይም ለክሊኒኩ ደውሉ። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሷን ለሳተች ሴት በአፏ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። ለእርግዝና ምክር ስትመጡም ፔኑንና ደብተሩን ይዛችሁ ሁለታችሁም ኑ።