ቤት ሳይፈርስ የተነሣ ፎቶግራፍ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ፎቶግራፍ የደስታ ቀን ማስታወሻ ነው። ክርስትና፣ ሠርግ ወይም ምረቃ ሲደርስ ካሜራ ይፈለጋል። የሚኖርበትን መንገድ፣ የሚሳለመውን ቤተ ክርስቲያን፣ በየቀኑ የሚያልፍበትን አሮጌ ሕንፃ ፎቶግራፍ ማንሣት ትዝ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ዘወትር የሚታይ ነገር ዘወትር የሚኖር ይመስላልና። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ተራ ፎቶግራፍ የጠፋ ከተማን መልሶ ለማቆም የሚረዳበት ጊዜ እንዳለ የፖላንድ ዋና ከተማ የዋርሶ ታሪክ ያስረዳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሁለት ሴቶች ካሜራም ድርሻ አለው።

ካቴድራሉና መንገዶቹ

የዋርሶ አሮጌ ከተማ በቪስቱላ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ነው። መንገዶቹ ጠባብ፣ ቤቶቹም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። ከቤተ መንግሥቱ ወደ ገበያው አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ይገኛል። ንጉሥ ስታኒስዋፍ አውጉስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1764 ዘውድ የጫነው በዚህ ካቴድራል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ዋርሶ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1902 የተወለዱት ወይዘሮ ዞፊያ ሆሜንቶፍስካ በ1930ዎቹ ዓመታት የዋርሶን መንገዶችና ሕንፃዎች ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። መሣሪያቸው ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ ነበረች። ቀደም ሲል ሕንፃ ለማንሣት በሦስት እግር የሚቆም ከባድ ካሜራና ብዙ ጊዜ ያስፈልግ ነበር። ላይካ ግን በእጅ ተይዛ በመንገድ እየተዘዋወሩ በአንድ ጥቅል ፊልም እስከ 36 ፎቶግራፍ ለማንሣት ታስችላለች። በመሆኑም በእኚህ ሴት ፎቶግራፎች ላይ የሕንፃው ግድግዳ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ኑሮ ጭምር ተመዝግቦ ቀርቷል።

ከተማ ሲጠፋ

ነሐሴ 1 ቀን 1944 የዋርሶ ሕዝብ በናዚ ጀርመን ወራሪዎች ላይ ተነሣ። ትግሉ 63 ቀን ከቆየ በኋላ ከ150,000 እስከ 200,000 የሚገመት ሰላማዊ ነዋሪ አልቆ ከሸፈ። በካቴድራሉ ውስጥ ሳይቀር ውጊያ ተደርጓል። ናዚዎቹ ድል ካደረጉም በኋላ የተረፈውን ከተማ ቤት በቤት እየዞሩ በእሳትና በድማሚት አወደሙት። በጥር 1945 ከተማዋ ነፃ ስትወጣ 85 በመቶ የሚሆነው ፈርሶ ነበር። ካቴድራሉም ፍርስራሽ ሆነ።

ወደ ፍርስራሹ ከተመለሰው ሕዝብ መካከል ወይዘሮ ዞፊያና ወይዘሮ ማሪያ ህሾንሽቾቫ ይገኙበታል። ሁለቱም በ1945ና በ1946 በተቃጠሉት መንገዶች እየተመላለሱ ፎቶግራፍ አንሥተዋል። የትኛው ግድግዳ እንደቆመ፣ የትኛው በር እንደተረፈ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ሊታነጽ ለታሰበው ሥራም ሆነ ለተፈጸመው ግፍ ምስክር ነው። በግንቦት 1945 በብሔራዊው ሙዚየም በተከፈተው «ዋርሶ ትከሳለች» በተባለው ትርዒት ላይ የወይዘሮ ዞፊያ ፎቶግራፎች ለሕዝብ ታይተዋል። እኚህ ሴት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አርጀንቲና ተሰደው በ1991 በዚያው አረፉ።

ፎቶግራፍ ግድግዳ ሲሆን

በየካቲት 1945 የዋርሶን መልሶ ግንባታ የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። አሮጌው ከተማ እንደነበረ እንዲሠራ ሲወሰን «እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሰው ትዝታ ብቻውን አይበቃም። የመስኮት ብዛት፣ የበር ቅስት፣ የጣሪያ ጫፍ ከዓይን ቶሎ ይጠፋል።

መልሱ ከሦስት በኩል ተገኘ። አንደኛው ከጦርነቱ በፊት የተነሡት ፎቶግራፎች ነበሩ። ሁለተኛው የዋርሶ ፖሊቴክኒክ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችና መምህራን ቤቶቹን በሜትር እየለኩ የነደፏቸው ፕላኖች ናቸው። ይህ ሥራ በወረራው ዘመንም በስውር ቀጥሎ ነበር። ከተማዋ በምትጋይበት ወቅት ፕሮፌሰር ያን ዛህቫቶቪችና ባልደረቦቻቸው ፕላኖቹን አውጥተው ፒዮትርኩፍ በተባለ ከተማ በአንድ ገዳም ውስጥ ደበቋቸው። ሦስተኛው ቤሎቶ የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ በ18ኛው ምዕት ዓመት የሣላቸው የዋርሶ መንገዶች ሥዕሎች ናቸው።

እነዚህ ሦስቱ እየተደጋገፉ እንጂ ተነጣጥለው አላገለገሉም። ሠዓሊ እጁ ላይ ነውና ሕንፃውን አሳምሮ ሊሥለው ይችላል፤ ቤሎቶም እንዲሁ ያደረገበት ቦታ አለ። ፎቶግራፍ የቆመውን ያሳያል፤ ልኩን ግን አይናገርም። ፕላን ልኩን ይናገራል፤ የልስኑን መልክና የመንገዱን ኑሮ ግን አያሳይም።

ፎቶግራፍ መኖሩ ሁሉም እንደ ድሮው ይሠራ ማለትም አይደለም። የካቴድራሉ ፊት በ19ኛው ምዕት ዓመት ተለውጦ እንደነበረ የታወቀ ነው። ከ1947 እስከ 1956 እንደገና ሲታነጽ ግን ፕሮፌሰር ዛህቫቶቪች ያንን ትተው የጥንቱን የአገሩን የጡብ አሠራር መረጡ። ያለፈውን የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚለውጥ አስቦ ይመርጣል፤ ማስረጃ የሌለው ግን የሚመርጠው የለውም።

የአሮጌው ከተማ ገበያ አደባባይ በሐምሌ 1953 ለሕዝብ ተከፈተ። በ1980 ዩኔስኮ አሮጌውን የዋርሶ ክፍል በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ የመልሶ ግንባታው መሥሪያ ቤት መዛግብትም በ2011 የዓለም መታሰቢያ ሆነው ተመዝግበዋል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ፎቶግራፍ የሚጠቅመው ጦርነት ሲመጣ ብቻ አይደለም። ከተማ በልማትም ይለወጣል። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል። አዲስ መንገድና አዲስ ቤት የሚጠላ የለም። ነገር ግን ልጆቻችን «እናታችን ያደገችበት ሰፈር ምን ይመስል ነበር?» ብለው ሲጠይቁ የሚታይ ነገር ማስቀመጥ የእኛ ፈንታ ነው። ዛሬ ደግሞ ካሜራው በየቦርሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ለዚህም የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የቤቱን ፊት ከመሠረት እስከ ጣሪያ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ያስፈልጋል። ረጅም ሕንፃ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ስልኩን ወደ ላይ ማንጋጠጥ ግድግዳው ወደ ኋላ የተዘመመ ያስመስለዋል፤ ራቅ ማለት ወይም ከትይዩ ደርብ ላይ ሆኖ ማንሣት ይሻላል። ቀጥሎ ማዕዘኑን፣ ከዚያም በሩን፣ ደረጃውንና የእንጨት ሥራውን ቀረብ ብሎ ማንሣት ነው። በበሩ አጠገብ ሰው ቢቆም የበሩ ቁመት ይታወቃል። የጥዋት ወይም የአመሻሽ ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን ስለምታበራው የልስኑንና የድንጋዩን ቅርጽ ታጎላለች። በሰው ግቢ ወይም በጸሎት ቦታ ከሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከማንሣቱ የማይተናነስ ነው። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራል። ስለዚህ የተመረጡትን በፎቶ ቤት አሳትሞ ከጀርባቸው የሰፈሩን ስም፣ ቀኑንና የአንሺውን ስም በእርሳስ መጻፍ፣ አንድ ቅጂም በዘመድ ቤት ማኖር ይበጃል። ቤቱ ማን እንዳሠራው፣ ምን ሱቅ እንደነበረበት አረጋውያን ጎረቤቶችን ጠይቆ አብሮ መጻፍ ቢቻል ፎቶግራፉ የሰፈር ታሪክ ይሆናል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ አንድ መንገድ አንሥተው ሊጨርሱ ይችላሉ።

በቤታችን ያለውን አሮጌ አልበምም ደግመን እንየው። ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው አጥር፣ ከክርስትናው ልጅ ጀርባ የሚታየው በረንዳ ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። በአብዛኛው ቤት አልበሙን የምትይዘውና የማን ፎቶግራፍ እንደሆነ የምታውቀው እናት ናት። የምታውቀውን በጀርባው ላይ ከጻፈችው፣ ያ ፎቶግራፍ ከቤተሰቧ አልፎ ለሰፈሩም ማስረጃ ይሆናል።