የጠፍጣፋው ዓሣ ሒሳብ

«የዘንድሮው ምርት ከአምናው በለጠ» የሚል መዝገብ ስናይ ደስ ይለናል። ስለ ባሕር ዓሣ ሲሆን ግን ደስታችን ሊያሳስተን ይችላል። ለዚህም በአሸዋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ የሚኖረው፥ ሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ ወገን የሆኑት ጠፍጣፋ ዓሣ ጥሩ መምህር ነው።

በቤሪንግ ባሕር ጃፓኖችና ሶቪየቶች፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1959 እስከ 1962 ድረስ፥ ሶል የተባለውን ባለቢጫ ክንፍ ዓሣ በያመቱ በአማካይ 400 ሺህ ቶን ያህል አፈሱ። መዝገቡ ያማረ ነበር። ነገር ግን የተበላው ትርፉ ሳይሆን ዋናው ኖሯልና ከ1963 እስከ 1971 አማካዩ ወደ 120 ሺህ ቶን ገደማ ወረደ።

በሰሜን ባሕር ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከ1939 እስከ 1945 በነበረው ጦርነት መርከቦቹ ከማጥመድ ስለ ታገዱ ፕሌስ የሚባለው ዓሣ ምርት እጅግ አነሰ፤ ዓሣው ግን ዕረፍት አግኝቶ ረባ። ሰላም ሲወርድ አጥማጆቹ ከቀድሞው የበዛና የገዘፈ ዓሣ አገኙ።

አሜሪካና ካናዳም ሃሊበት የተባለው ትልቅ ዓሣ መመናመኑን አይተው በ1923 ተዋዋሉ፤ በብርዱ ወራት ማጥመድንም ከለከሉ። ያቋቋሙት ኮሚሲዮን እስከ ዛሬ የየዓመቱን ልክ ይወስናል።

እንግዲህ በመዝገብ ፊት የምንቀመጥ ሁሉ ቁጥሩ ከወዴት እንደ መጣ እንጠይቅ። ለዘር ያኖረውን እህል ያስፈጨ ገበሬም ለአንድ ሰሞን ሌማቱ ሙሉ ነው፤ የዘር ወቅት ሲደርስ ግን ምን ይውጠዋል?