የቅዱስ ያሬድ ድጓና የጋይንቷ ቤተ ልሔም

ግንቦት 11 ቀን ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ የተሰወረበት ዕለት በቅድስት ቤተ ክርስቲያን ታስቦ ይውላል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ ይህ የአክሱም ሊቅ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ድርሰቱ ከደራሲው መሰወር በኋላ በማን እጅና በማን አንደበት ተጠብቆ ለእኛ እንደ ደረሰ ግን በበዓሉ ዕለት እምብዛም አይነገርም። ነገሩ ወደ ጋይንት ይወስደናል።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት አያሌ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፣ ድጓ በዚህች ደብር ተጠብቆ እንደ ተረፈ ሊቃውንቱ ያወሳሉ። ጥቂት ቆይቶም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠሩ። እስከዚያ ድረስ በቃል ብቻ ሲወራረስ የኖረው ዜማ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል ተመልክቶ ይጻፍ ጀመር።

በእኛ ዘመን መጽሐፍ ወጣ የሚባለው ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ነው። ድጓም በተንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤት ታትሟል፤ ይህም ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ድፋቱና ርክርኩ በጉሮሮ እንዴት እንደሚወጣ ወረቀቱ አይናገርም። ስለዚህ የድጓ ተማሪ እየተማረ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ዓመታት ከፈጀበት በኋላም ቤተ ልሔም ወርዶ በመምህሩ ፊት ያዜማል፣ ይታረማል፣ ይመሰክራል። በእኔ አስተያየት የያሬድ መጽሐፍ በእውነት የሚታተመው እዚያ ነው።

አካባቢው በዚህ ብቻ አያበቃም። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከሩት በዚያው በጋይንት፣ በዙር አምባ ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ራሱ እዚያ እንደ ደረሳቸው ይተረካል። በእስቴ ደግሞ ቆማ የራሷን የዜማ ስልት ይዛ ኖራለች።

በአዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በሊቁ ስም ተሰይሟል፤ ተገቢ ክብር ነው። ድርሰቱን የተሸከመው ተማሪ ግን የሚኖረው በቁራሽ ነው። ጋይንትና ሲማዳ ድርቅ የሚደጋገምባቸው አገሮች ናቸው። ገበሬው ራሱ ሲራብ «ስለ ማርያም» ለሚለው ተማሪ የሚዘረጋ እጅ ያጥራል፤ ጉባኤውም ይበተናል። ተማሪው ጽፎ ያልጨረሰውን ድጓ ከአኮፋዳው ጋር አንግቶ፣ እህል ወዳለበት አገር ይሄዳል።