የመኪና ስፖይለር፦ ለውበት ወይስ ለአገልግሎት?

አንዳንድ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች መኪናቸው ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን ስፖይለር ገዝተው በኋላ ክፍሉ ላይ ያስገጥማሉ። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ባለንብረቶች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ዕቃው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ጥቅም ለይተው እንዲያውቁ ነው።

ስፖይለር ምን ይሠራል?

መኪና በከፍተኛ ፍጥነት ሲጓዝ በላዩ የሚያልፈው አየር የኋላውን ክፍል ወደ ላይ የማንሳት ኃይል ይፈጥራል። በዚህም የኋላ ጎማዎች መንገዱን ቆንጥጠው የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል። በትክክል የተነደፈ ስፖይለር የአየሩን ፍሰት በመለወጥ ይህን ኃይል ይቀንሳል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበያ የቀረበው አውዲ ቲቲ የተሰኘ የጀርመን መኪና በከፍተኛ ፍጥነት አቅጣጫ ሲቀይር ሚዛኑን በመሳቱ አደጋዎች ደርሰዋል። አምራቹም መኪናዎቹን ጠርቶ የኋላ ስፖይለርና የኤሌክትሮኒክ ሚዛን መጠበቂያ ገጥሞላቸዋል።

ወሳኙ ፍጥነት ነው

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም አንድ ስፖይለር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሰጠው ኃይል በ120 ኪሎ ሜትር ከሚሰጠው አንድ አራተኛው፣ በ30 ኪሎ ሜትር ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። በከተማ ውስጥ በሚሽከረከር የቤት መኪና ላይ ጥቅሙ በአብዛኛው ከጌጥነት አያልፍም። ለመኪናው ሞዴል ያልተነደፈ ከሆነም የአየር ግፊቱን በመጨመር የነዳጅ ፍጆታን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ስፖይለር በከተማ ፍጥነት መኪናን ቶሎ እንደማያስቆምና ያለቀ ጎማን እንደማይተካ ነው። በእርሱ ተማምኖ ፍጥነት መጨመር ለአደጋ ያጋልጣል።

ከማስገጠም በፊት

• በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ስፖይለር በጉዞ ላይ ተገንጥሎ ከኋላ የሚመጣን ተሽከርካሪ ወይም ሞተረኛ ሊመታ ስለሚችል አገጣጠሙ አስተማማኝ መሆኑን ማረጋገጥ፤
• ለቡሎን የተበሳው ቦታ ውኃ እንዳያስገባና እንዳይዝግ በሚገባ ማሸግ፤
• የኋላ እይታን፣ የፍሬን መብራትንና ሰሌዳን አለመሸፈኑን ማየት፤
• ስለት ያለው ወይም ከመኪናው ጎን የወጣ፣ እግረኛን ሊጎዳ የሚችል ስፖይለር አለመጠቀም፤
• በመኪናው አካል ላይ ለውጥ ከማድረግ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፤
• ከፋብሪካ የተገጠመን ስፖይለር ያለባለሙያ ምክር አለማንሳት።

ስፖይለርን ለውበት ማስገጠም የባለንብረቱ ምርጫ ነው። ለደኅንነት የታሰበ ገንዘብ ግን አስቀድሞ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለመብራት ቢውል የአሽከርካሪውንም የእግረኛውንም ሕይወት ይበልጥ ይጠብቃል።