የኤክሴል ግራፍ የማንን ቁጥር ያነባል?

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጅጅጋም ይሁን በቀብሪበያህ፣ በአውበሬም ይሁን በሺኒሌ፣ ሪፖርት የሚሠራ ሰው በዚያ ሰሞን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ያለፈው ዓመት ፋይል ይከፈታል፤ በአዲስ ስም ይቀመጣል፤ አሮጌዎቹ ቁጥሮች ተጠርገው አዲሶቹ ይገባሉ። ሠንጠረዡ አዲስ ሆነ። ግራፉስ? ስለ ግራፉ በየቢሮው ከሚባለው ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ማንም ሳያጣራው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

«ግራፉ ቁጥሩን በውስጡ ይዟል»

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህች ናት። በግራፉ ላይ ያለውን አንድ መስመር በማውዙ ነክተው ከሠንጠረዡ በላይ ያለውን የፎርሙላ ሳጥን ይመልከቱ። እዚያ የሚነበበው አራት ክፍል ያለው ፎርሙላ ነው፦ የመስመሩ ስም ከየት እንደሚወሰድ፣ በአግድሙ ዘንግ ላይ የሚጻፉት መለያዎች (ለምሳሌ የወራቱ ስሞች) ከየት እንደሚመጡ፣ ቁጥሮቹ ከየት እስከ የት እንደሆኑ፣ በመጨረሻም መስመሩ ስንተኛ እንደሆነ። ከመጨረሻው በስተቀር ሦስቱ ብዙውን ጊዜ አድራሻዎች ናቸው፤ የሺት ስም፣ ዓምድና ረድፍ። ኤክሴል ለመጠባበቂያ ያህል መጨረሻ ያነበባቸውን ቁጥሮች ከግራፉ ጋር ማስቀመጡ አይካድም። ነገሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። አድራሻው የሚያመለክተው ፋይል ሲጠፋ እንኳ ግራፉ አሮጌውን ምስል እንደያዘ ቆንጆ ሆኖ ይታያል።

«ኮፒ ሳደርገው ከአዲሱ ቁጥር ጋር አብሮ ይሄዳል»

አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ አይሄድም፤ ልዩነቱ ያለው ኮፒ የተደረገው ምኑ እንደሆነ ላይ ነው። ግራፉና ቁጥሮቹ ባንድ ሺት ላይ ሆነው ሺቱ እንዳለ ከተቀዳ አዲሱ ግራፍ አዲሱን ሺት ያነባል። ግራፉ ብቻውን ተቀድቶ ሌላ ሺት ላይ ከተለጠፈ ግን ዓይኑ አሁንም ያለው እዚያው አሮጌው ሺት ላይ ነው። ወደ ሌላ ፋይል ከተለጠፈ ደግሞ የአሮጌውን ፋይል ስም ጭምር ተሸክሞ ይሄዳል። ፋይሉ ከጅጅጋ በቴሌግራም ወደ ቶጎ ውጫሌ ቢላክ፣ ተቀባዩ ሲከፍተው «ማያያዣዎቹ ይታደሱ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። የሚታደሱበት ምንጭ እሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። «አይ» ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያየውም ያለፈውን ዓመት ነው።

«ፈልጎ መተኪያው ያስተካክለዋል»

ኮንትሮልና ኤችን ተጭኖ አንዱን ቃል በሌላ መተካት ሴሎች ውስጥ ያለውን ጽሑፍና ፎርሙላ ይለውጣል። የግራፍ ፎርሙላ ውስጥ ግን አይገባም። ይህንን ሳያውቁ «ተተክቷል» የሚለውን መልእክት አይተው ሪፖርት የሚልኩ ጥቂት አይመስሉኝም። በእጅ ማስተካከል ይቻላል፦ መስመሩን ነክቶ በፎርሙላ ሳጥኑ ውስጥ አድራሻውን መለወጥ ነው። ለሁለት ግራፍ ይህ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ግራፍ፣ በእያንዳንዱ ግራፍ አራት መስመር ሲሆን ግን ትዕግሥት ያልቃል፤ ያኔ የአንዱ ወረዳ መስመር በሌላው ግራፍ ላይ ይገኛል።

ተጨማሪ መሣሪያ፣ ማለትም አድ-ኢን፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በኤክሴል ግራፍ ጥበብ የታወቀው አሜሪካዊው ጆን ፔልቲዬር የመስመሮችን ፎርሙላ በጅምላ የሚለውጥ አጭር ኮድ (ማክሮ) ለሕዝብ አቅርቧል፣ በግራፍ ላይ የሚሠሩ አድ-ኢኖችንም አዘጋጅቷል። የእንዲህ ያለው መሣሪያ ሥራ ሲገለጥ እንደሚወራለት የረቀቀ አይደለም። የእያንዳንዱን መስመር ፎርሙላ እንደ ተራ ጽሑፍ ያነባል፣ የተነገረውን ፊደል በተነገረው ፊደል ይተካል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሌላ ምንም አያውቅም።

«አድ-ኢኑ የምፈልገውን ያውቃል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሰሜኑ ሶማሌ ክልል ነገር የሚገባው እዚህ ነውና። በፋፋንና በሲቲ ዞኖች ዝናብ የሚጠበቅባቸው ወቅቶች ዲራዕና ከረን ናቸው፤ ዲራዕ በግምት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከረን ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎዴ አካባቢ ሲወረድ ወቅቶቹ ጉ እና ደይር ይሆናሉ፤ ደይር የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ዝናብ ነው። አንድ ክልል ነው፣ ግን ለሁለት የዝናብ ሥርዓት አንድ የግራፍ ቅርጽ አይሆንም። አሁን ለጎዴ የተሠራ ፋይል ጅጅጋ መጣ እንበል። ሠንጠረዡ እንደ በጀት ዓመቱ ከሐምሌ ይጀምራል፤ ረድፍ 1 ርዕስ ነው፣ ሐምሌ ረድፍ 2 ላይ፣ ሰኔ ረድፍ 13 ላይ፣ ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ተዳምራ። የደይር ግራፍ ከረድፍ 5 እስከ 7 ያነባል። ለከረን ከ2 እስከ 4 እንዲያነብ መለወጥ አለበት።

ባለሙያው በአድ-ኢኑ ላይ የቁጥሮቹን አድራሻ ብቻ፣ ማለትም «ቢ5 እስከ ቢ7» የሚለውን «ቢ2 እስከ ቢ4» በሚል ቢተካ ምን ይሆናል? የወራቱ ስሞች ያሉት በዓምድ ኤ ነው፤ እነሱ አልተነኩም። ስለዚህ የሐምሌ ዝናብ ጥቅምት በሚል ስም ሥር ይቆማል፣ የመስከረሙ ታኅሣሥ በሚለው ሥር። ኤክሴል አንዲት የስህተት መልእክት አያወጣም። ግራፉ ጤነኛ ነው። የግጦሽና የውኃ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ምስል አይቶ በኅዳር ዝናብ ይጥላል ብሎ ቢጠብቅ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

ሌላ ወጥመድም አለ፣ ይህኛው ደግሞ አሥራ ሦስት ወር ላለው አገር የተሠራ ይመስላል። ሺቶቹ «ወር 1»፣ «ወር 2» እየተባሉ እስከ «ወር 13» ቢሰየሙ፣ «ወር 1»ን በ«ወር 2» ተካ የተባለ መሣሪያ «ወር 11»ንም «ወር 21» ሊያደርገው ይሞክራል፤ የተሰጠው ጽሑፍ በውስጡ ይገኛልና። «ወር 21» የሚባል ሺት ስለሌለ እዚህ ላይ ኤክሴል እምቢ ይላል፣ እምቢታውም ዕድል ነው። የሚያስፈራው ውጤቱ በእውነት ያለ ሺት ሲሆን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው «ወር 01» ብሎ መሰየም።

ከዚህ በተጨማሪ በአድ-ኢን ወይም በማክሮ የተሠራ ለውጥ በኮንትሮልና ዜድ እንደ ልማዱ አይመለስም፤ ማክሮ ሲሠራ የመመለሻው ዝርዝር በአብዛኛው ይጸዳል። ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጦ መጀመር እንጂ ሌላ ዋስትና የለም። በእጅ የተጻፈ የግራፍ ርዕስም አይለወጥም። የጅጅጋ ዞን ፋፋን፣ የሺኒሌ ዞን ሲቲ ተብለው ከተሰየሙ ወዲህ በአሮጌ ፋይሎች የሚደርሰው ይኸው ነው። የሺቱ ስም ሲለወጥ ኤክሴል የግራፉን አድራሻ ያለ ማንም እርዳታ ራሱ ያስተካክላል፤ «ስሙን ከቀየርኩት ግራፉ ይበላሻል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። በጣት የተተየበው «ጅጅጋ ዞን» የሚል ርዕስ ግን እዚያው ይቀራል። ርዕሱን ነክቶ፣ በፎርሙላ ሳጥኑ የእኩል ምልክት ጽፎ ስሙ ካለበት ሴል ጋር ማያያዝ ይህን ያስቀራል። በእጅ የተወሰነ የቁመት ዘንግ ጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ለደረቅ ዓመት የተሰጠ ጣሪያ የጥሩውን ዓመት ዝናብ ይቆርጠዋል።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም»፣ «የላኩለት ሰውም መጫን አለበት»

ሁለቱም በአመዛኙ ስህተት ናቸው። በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው የድሮው ዓይነት አድ-ኢን ትንሽ ፋይል ነው፤ በፍላሽ ይመጣል፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። በስልክና በድረ ገጽ በሚከፈተው ኤክሴል ላይ ግን አይሠራም። ኢንተርኔት የሚሹት ከማይክሮሶፍት መደብር የሚገኙት አዲሶቹ ናቸው። ለውጡ የሚቀመጠው በሪፖርቱ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ተቀባዩ ምንም መጫን አይጠበቅበትም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከኢንተርኔት የወረደ ማክሮ በራሱ ስለሚታገድ «ተበላሽቷል» የሚባለው አድ-ኢን ብዙ ጊዜ የታገደ ብቻ ነው። ከማን እንደመጣ ሳያረጋግጡ እገዳውን ማንሳት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

«ቀኑን በእኛ ዘመን ጻፍኩት፣ ኤክሴል ተቀበለኝ»

የተቀበለው ተራ ጽሑፍ ወይም ሌላ ቀን አድርጎ ነው። ጥቅምት 30ን «30/2/2018» ብለው ሲጽፉ ኤክሴል የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 የሚል የፈረንጅ ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። የባሰው ጳጉሜ ነው። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ከሆነ «3/13/2018» የሚለው ጳጉሜ 3 ያለምንም ቅሬታ ማርች 13 ይሆናል። የአድራሻ መለወጫ መሣሪያ ይህን አያድነውም፤ አድራሻው ትክክል ነው፣ አድራሻው ላይ ያለው ነው የተሳሳተው። የእኛን ወራት በስም፣ በተለየ ዓምድ መጻፍ ይሻላል።

«እንዲህ ያለ ስህተት የጀማሪ ነው»

ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ሬይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት ያወጡት ጽሑፍ በብዙ አገር ፖለቲከኞች ተጠቅሷል። በ2013 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቶማስ ሄርንደን ከመምህራኑ ማይክል አሽና ሮበርት ፖሊን ጋር የእነ ሬይንሃርትን የሥራ ፋይል ሲመረምር አማካዩ ከረድፍ 30 እስከ 49 ሊሰላ ሲገባው 44 ላይ መቆሙን አገኘ። ከሃያ አገሮች አምስቱ ተዘልለው ነበር። በውጤቱ ላይ ለተነሣው ክርክር ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ ግን አምስት ረድፍ የጎደለውን አድራሻ ለሦስት ዓመት ማንም አላየውም።

እንደ እኔ ግን አድ-ኢን መልካም የሚሆነው ለተወረሰ ፋይል ነው። አዲስ ለሚጀምር ሰው ለየወሩና ለየወረዳው ሺት መክፈት መጀመሪያውኑ አያስፈልግም። ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ወር፣ መጠን በሚሉ ዓምዶች ማስገባትና በኮንትሮልና ቲ ወደ ኤክሴል ቴብል መለወጥ ይቻላል። ከታች አዲስ ረድፍ ሲጨመር ሙሉውን ዓምድ የሚያነብ ግራፍ ራሱ ይከተላል። ከዝርዝር ወረዳ የሚመረጥበት አንድ ሴል፣ የተመረጠውን በፎርሙላ የሚያወጡ ጥቂት ሴሎች፣ በእነሱ ላይ የተሠራ አንድ ግራፍ፤ ባለሙያው ከአውበሬ ወደ ቀብሪበያህ ሲያዞረው የግራፉ አድራሻ ንቅንቅ አይልም።